የእህተማርያም አርባ ቀን

እህቴን እህተማርያምን ሰነፍ ያላት ሁሉ አፉ ይያዝ። በቤታችን ሰነፍ የነበርኩት እኔ የሻረግ ነኝ። እሷማ በአሥራ አምስት ዓመቷ የስምንት ሰው ቀለብ ብቻዋን የምትፈጭ ልጅ ነበረች። ጊዜው ሃምሳ አራት ዓመተ ምህረት ነው። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነበር የምንኖረው፤ የሞተር ወፍጮ ገና ባገራችን አልተሰማም። ገብሱም ዳጉሳውም በድንጋይ ወፍጮ፣ ጎንበስ ተብሎ፣ በመጅ ነበር የሚፈጨው።

መጀመሪያ ወገቧን አመማት። ቀጥሎ እንቅልፍ እምቢ አላት። በቀኝ ብትዞር ያማታል፣ በግራ ብትዞር ያማታል፤ ሲነጋ ዓይኗ ደም መስሎ ትነሳለች። እንቅልፍ ባጣች ማግስት ደግሞ ሕመሙ ይብስባታል። እናታችን እታለማሁ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን እንደ ጎረቤቱ ነበር የምታስበው። እኛ ዘንድ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ሥራ ያላደከመው ነው ይባላል። ስለዚህ አንድ ቁና የምትፈጨውን ሁለት አደረገችባት።

"ድክም ካለሽ ትተኛለሽ፣ ልጄ" ትላታለች፤ ከልቧ ነው።

እንግዲህ መውጫው በየት ነው? ስትፈጭ ወገቧ ይቆረጣል፤ ወገቧ ሲቆረጥ አትተኛም፤ ካልተኛች እህል ይጨመርላታል። በዋግምት ደሟን አስወጡላት፤ ጠበልም ወሰዷት። ከጠበል ስትመለስ ወፍጮው እዚያው ነው። አንድ ቀን መጁን እንደያዘች፣ "የሻረግ፣ እዚሁ ላይ የምሞት ይመስለኛል" አለችኝ። እኔም "ደግሞ ጀመረሽ" አልኳት።

የጨነቀው አባታችን ቢሻው ነው። በፈረስ አፈናጦ ዳንግላ ወሰዳት። እዚያ ስማቸው የሚባል የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። አባቴ እንደነገረን፣ ሰውዬው ወገቧን ዳሰሰ፣ መዳፏን ገልብጦ አየ።

"የቤቱን እህል የሚፈጨው ማን ነው?" አለ።

"እሷ ናት፣ ጌታዬ። ደክሟት እንድትተኛ ብለን ጨመርንላት።"

"እንቅልፍ የነሳት እሱ ነው። አርባ ቀን መጅ አትንካ። ወገቧ ሲያርፍ እንቅልፏ ይመጣል፤ ስትተኛ ደግሞ ወገቧ ይጠገናል። ቀኑ ሳይሞላ ደህና ብትመስላችሁ እንዳታምኑ።"

እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። "ሳትወልድ አራስ ሆነችና!" አለች። አባቴ ግን በሰውዬው ቃል ጸና። ወፍጮው ለእኔ ተረፈ፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

በአሥረኛው ቀን እህተማርያም ተኛች። መደቡ ላይ፣ አፏን ከፍታ፣ ፀሐይ እስኪሞቅ። እናቴ አጠገቧ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ የእህቴ ፊት ወዛ፤ መቀለድም ጀመረች። የእኔ ትከሻ ግን ሊገነጠል ደረሰ። ምን እደብቃለሁ፣ በእንቅልፏ ቀናሁባት።

በሃያ ሁለተኛው ቀን የአባቴ የማኅበር ተራ ደረሰና የድግሱ ገብስ ተሰፈረ። ክምሩን ሳየው ወደ እናቴ ሄድኩ። አባቴ አዘና ገበያ ወርዷል።

"እማዬ፣ እህተማርያም እኮ ድናለች። ትናንት ወንዝ ስንወርድ ስትሮጥ አየኋት" አልኳት።

አልሮጠችም። እንስራዋን እንኳ የተሸከምኩላት እኔ ነበርኩ። እናቴ ግን እንድትድንላት ከመጓጓቷ የተነሳ ወዲያው አመነችኝ። ጠራቻት። እህቴ ክምሩን አየች፤ እኔን አየች። "አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶኝ ነበር" ብቻ አለች። መቀነቷን አጥብቃ ጎንበስ አለች።

የድግሱ እህል ሳያልቅ እንቅልፏ ሄደ። አባቴ ቢቆጣም ከዚያ በኋላ ማንም አርባ ቀን ሊያስቀምጣት አልቻለም፤ አንዴ ድናለች ተብሏላ። አገባች፣ ወለደች። የሞተር ወፍጮ እንጅባራ ገብቶ ድንጋያችን ከተጣለ በኋላም ወገቧ አልተመለሰም።

ሁለታችንም ባል ሞቶብን አሁን አብረን ነው የምንኖር። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ፣ "ያኔ አልሮጥሽም ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ልጅ ነበርሽ፣ ደክሞሽ ነው።"

ይቅር አለችኝ። እሷ እስኪነጋ ስትገላበጥ ታድራለች አሉ፤ የልጅ ልጆቿ ናቸው የሚነግሩኝ። እኔ አልሰማትም። ጎኔን እንዳሳረፍኩ እንቅልፍ ይወስደኛል።