ፋሻውን ማን ፈታው?

አልፊያ የመጀመሪያ ልጇን ኑሕን በሃያ አራት ዓመቷ በኦፕራሲዮን ወለደች። ከሆስፒታል ስትወጣ ፋሻውን እስከ ቀጠሮዋ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቀዋት ነበር። በሰባተኛው ቀን ግን ኮልፌ ገበያ ጀርባ ባለው የአማቷ ግቢ ለልጁ ስም ማውጫ እንግዳ ተጠራ።

«የአራስ ሆድ ካልታሰረ ብርድ ይገባበታል፤ ተንዘርጥጦም ይቀራል» አሉ አማቷ ወይዘሮ ጁወይሪያ።

«እማ፣ ሐኪሙ አይነካ ብሏል።»

«ሐኪሙ ወልዶ ያውቃል? ስድስት የወለድኩት እኔ ነኝ!»

ፋሻውን ፈቱት። ቁስሉን ለጋ ቅቤ ቀብተው በመቀነት ጠፍረው አሰሩት። የመቀነቱን ጫፍ የሳበችው የባሏ እኅት ሰሀር ነበረች። «ወገብሽ የልጃገረድ ነው የሚሆነው!» እያለች ትስቃለች። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ቤታችን ግድግዳ ይጋራል፤ ያ ሳቅ ዛሬም ይሰማኛል።

መቀነቱ በታሰረ በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ሸተተ። ባሏ ፈሀድ በትኩሳት የምትቃጠለውን ሚስቱን በኮንትራት ታክሲ ሆስፒታል አደረሳት። ሐኪሟ መቀነቱን ስትፈታ ስፌቱ አብሮ ተከፈተ።

«ማነው ፋሻውን የፈታው?»

ወይዘሮ ጁወይሪያ ቀደሙ። «ራሷ ናታ! በላኝ ብላ። የዛሬ ልጅ ምክር ይሰማል?»

አልፊያ በሰው ፊት አማቷን ውሸታም ማለት አልቻለችም። ሲድሯት እናቷ «አማትሽ ሲናገሩ ዓይንሽ መሬት ይይ» ብላታለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሐኪሟም ካርዱ ላይ «ወላዷ ራሷ ፈትታዋለች» ብላ ጻፈች።

ሦስት ሳምንት ተኛች። ጡቷ ደረቀ፤ ኑሕ የዱቄት ወተት ለመደ። ስትመለስ የልጁ አልጋ አያቱ ክፍል ገብቷል።

«ፈሀድ፣ አልነካሁትም። እማ ናቸው የፈቱት።»

«ታዲያ እዚያ ለምን አልተናገርሽም? ካርዱን እኮ አንብቤዋለሁ።»

«ሰሀርን ጠይቃት፤ አብራ ነበረች።»

ፈሀድ እኅቱን ጠራት። ጡጦ እያጠበች ነበር። ወይዘሮ ጁወይሪያ ኑሕን ታቅፈው በሩ ላይ ቆሙ።

«እኔ ምን አውቄ?» አለች ሰሀር ቀና ሳትል። «የዚያን ቀን ከወጥ ቤት መች ወጣሁ?»

«ሰማሽ?» አለ ፈሀድ። «የገዛ ሆድሽን ያልጠበቅሽ ልጅ ልትጠብቂ? ኑሕ እናቴ ጋ ይሆናል።»

አልፊያ እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ ጁወይሪያ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩት።

«ተኚ እንጂ የኔ ልጅ» አሉ። «አንቺ እኮ ገና አራስ ነሽ።»

በሩን ዘግተውባት ሄዱ።