የእርጥብ እንጨት ሕግ

ከመቀሌ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ፣ ሰሜን የሚባለውን ክፍለ ከተማ አለፍ ብሎ ባለ ተዳፋት ላይ አራት ቤተሰብ ሆነን ስንሰፍር ሰው ሁሉ ሳቀብን። መቀሌ ውስጥ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ደህና ኪራይ ቤት እያለ ድንጋይና እሾህ ላይ ጎጆ መቀለስ! እናቴ ከደሴ ደውላ «አብደሻል እንዴ?» አለችኝ። ሐሳባችን ቀላል ነበር፤ በአንድ ግቢ መኖር፣ ከአንድ ድስት መብላት፣ የተራቆተውን ተዳፋት ከከብት ከልለን አገር በቀሉ ዛፍ እስኪመለስ መጠበቅ። ባሕር ዛፍማ ደጃችንን አይረግጥም ብለን ነበር።

የሰበሰቡን ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ባሌን አስተምረውታል፤ ሁላችንም እንደ አባት «አቦይ» እንላቸዋለን። ሕጉንም ያወጡት እሳቸው ነበሩ፦ ደረቅ እንጨት ይለቀማል፣ እርጥብ አይነካም፤ እርጥብ የነካ ግቢውን ለቆ ይወጣል። ጎረቤት ገበሬዎችም በዚሁ ተስማምተው ሣሩን ብቻ እያጨዱ ይወስዱ ነበር። ወይራውና ጽዱ ከቁጥቋጦው በላይ ብቅ ሲል በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገዱም ባንኩም ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ ከሰል የሕልም እንጀራ ሆነ። እኔም ለማርገዝ ይህንኑ ጊዜ መረጥኩ። ሴት ልጅ ወለድኩ። የሚገርመው፣ አራስ ቤቴ እሳት ጠፍቶበት አያውቅም። ሙቅ ውሃው በሰዓቱ ይመጣል፤ ገንፎውም እንዲሁ። እንጨቱ ከየት ተገኘ ብዬ አልጠየቅሁም፤ አራስ ምን ትጠይቃለች?

ወገቤ ሲጠና ልጄን አዝዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ትልልቆቹ ወይራዎች አንዳንዶቹ ተቆርጠው ጉቶ ሆነዋል፤ ሌሎቹ እንደ ቆሙ ደርቀዋል። ጠጋ ብዬ ሳይ የሁሉም ቅርፊት ከሥር ዙሪያውን ተልጧል። እንዲህ የተላጠ ዛፍ ውሎ አድሮ ቆሞ ይሞታል። ከሞተ ደግሞ ደረቅ እንጨት ነው፤ ሕጉ አይከለክለውም። ይህን ሊያስብ የሚችል ሰው አንድ ብቻ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

እንደ ማኅበር በየወሩ በማርያም ዕለት እንሰበሰብ ነበር። በዚያን ወር ማንም አፉን ሳይከፍት አቦይ ተነሡ።

«ኣነ እየ» አሉ። «እኔ ነኝ። እርግዝናሽን የሰማሁ ዕለት ጀመርኩ፣ ጓለይ፣ ልጄ። እስክትወልጂ ይደርቃል ብዬ።»

ከዚያ ሕጉ ይፈጸም አሉ። ሁላችንም ጮኽን። ባሌ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ «ገንፎውን የበላሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ልውጣ!» አልኩ። አልሰሙኝም። በማግስቱ ልብሳቸውን በአንድ ማዳበሪያ ጠቅልለው ሰሜን ገቡ።

ወሬው ገበሬዎቹ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ እርጥብ ቅርንጫፍ የነካ የለም። «መምህራቸውን እንኳ አስወጡ» እያሉ ከሩቅ ያዩናል። አላስወጣናቸውም ብል ማን ያምነኛል?

ባለፈው ጾም ልጄን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ። የሚኖሩት ብሎኬት ማምረቻ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በመስኮቱ የሚታየው አሸዋና ሲሚንቶ ነው፤ አንድ ቅጠል የለም። ሁላችንም ተስማምተናል፣ ይመለሱ አልኳቸው።

«ከተመለስኩ ሕጉ ቀልድ ይሆናል» አሉ። «ቀልድ ከሆነ ደግሞ ገበሬዎቹ ጫካውን በአንድ በጋ ይጨርሱታል።»

«ይጨርሱት!» አልኩ። ተናደድኩ፤ እውነቴን ነበር። «ዛፍ ለማሳደግ ብቻ ነው እንዴ አብረን የሰፈርነው?»

ክፍል ውስጥ እንደሚረብሽ ተማሪ አዩኝ። ለልጄ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት፤ በልታ እስክትጨርስ ዓይናቸውን ከእሷ አላነሡም።

ልንወጣ ስንል እስከ በሩ ሸኙን። እጃቸው ራሷ ላይ እንዳለ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እነዚያ ጉቶዎች አቆጠቆጡ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አቦይ» አልኳቸው። «ሁሉም።»

አንዱም አላቆጠቆጠም።