ያረምኩት ዘፈን

ባለፈው ቅዳሜ ከጋምቤላ ገበያ ስመለስ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ የኡጁሉ ዘፈን ተከፈተ፤ ሹፌሩ መሪውን እየደበደበ፣ አጠገቤ ዓሣ ታቅፋ የተቀመጠችው ሴትዮ ጭንቅላቷን እየወዘወዘች፣ ሁለቱም «እናቴ መጣ» እያሉ ሲያዜሙ እኔ ብቻ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ኡጁሉ የስምንተኛ ክፍል ጓደኛዬ ነበር። አኙዋክ ነው፤ አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። እኔ ደግሞ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የአማርኛ መምህር ልጅ ስለነበርኩ፣ የአባቴን ቀይ እስክሪብቶ እየሰረቅኩ ግጥሞቹን አርምለት ነበር። ከሰዓት ሙቀቱ ጋብ ሲል ባሮ ዳር ማንጎ ሥር እንቀመጥና፣ እሱ ቶሙን፣ ያቺን በአውራ ጣት የምትመታ ባለ ብረት ምላስ ሳጥን፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲዘፍን፣ እኔ ማንጎ እየመጠጥኩ በሚያጣብቅ ጣቴ ስህተቱ ላይ አሰምራለሁ።

«እናት ሴት ናት፤ ‘መጣች’ በል» አልኩት፣ እናቱ ከፑኝዶ ስትመለስ የገጠመውን ስንኝ ሲያሰማኝ።

«ዜማው ይሰበራል እኮ፣ መምህር» አለኝ እየሳቀ። እንዳይከፋኝ ብሎ ግን አስተካከለው።

አሥረኛ ክፍል ሳለን ለትምህርት ቤታችን በዓል አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ከአዲስ አበባ መጣ። ኡጁሉ የታረመውን ሲዘፍንለት ሰውየው እጁን አነሳ።

«እዚህ ጋ ተደናቀፈ። መጀመሪያ እንዴት ነበር የጻፍከው?»

ኡጁሉ አንዴ ወደ እኔ አየና የድሮውን ዘፈነ።

«በቃ፣ እንዳትነካው» አለ ሰውየው። በዓመቱ ኡጁሉን ወደ አዲስ አበባ ይዞት ሄደ። እነሆ ዛሬም አንዱ ዜማና ግጥም እየሠራ፣ ሌላው እያቀናበረ፣ ለስንቱ ዘፋኝ ይሰጣሉ።

ቅናቴን አልደብቅም። እንደ አባቴ የአማርኛ መምህር ከሆንኩ በኋላ፣ ያን ስንኝ ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ስህተቱን አውጡ» ብዬ ተማሪዎቼን ጠይቄያለሁ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ዘፈነው።

አምና ሁለቱ ለዝግጅት ወደ ጋምቤላ መጡ። ኡጁሉ ከሰው መሀል ጎትቶ አወጣኝና ለጓደኛው «አማርኛ ያስተማረኝ እሱ ነው» አለው፤ ሰውየውም በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ቢንቀኝ ይሻለኝ ነበር። ድሮ ኡጁሉ አዲስ ዜማ ሲመጣለት ምሳውን ሳይበላ እየሮጠ ወደ ቤታችን ነበር የሚመጣው፤ ለእናቱ እንኳን ሳያሰማ። አሁን ያን ሩጫ የሚቀበለው ያ ሰው ነው፤ እኔ ዘፈኖቹን የምሰማው ከማንም ሰው ጋር እኩል ነው።