ማንኪያ ይዘው የመጡት ሴትዮ

ጣሊያን አገር ቶሪኖ ተወልዶ ቢቸሪን የሚባለውን መጠጥ የሚያማስል የለም። ከታች ቸኮላቱ፣ መሃል ቡናው፣ ከላይ ወተቱ ሳይደባለቁ ነው የሚጠጡት፤ እኛ የካፌ አስተናጋጆችም ማንኪያ አንሰጥም።

ዛሬ ግን ጥቁር የለበሱ፣ ከንፈራቸውን ደማቅ ቀይ የተቀቡ አሮጊት ከቦርሳቸው የራሳቸውን ማንኪያ አውጥተው ብርጭቆውን እያንቃጨሉ ማማሰል ጀመሩ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አያቸው።

«ኧረ ሲኞራ፣ አይማሰልም!» አልኳቸው።

«ባሌም ዕድሜውን ሙሉ እዚችው ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ ሲለኝ ኖረ። ትናንት ቀበርነው። አንተ ደግሞ በሱ ቦታ ተተካህብኝ?»

አንዴ ተጎነጩና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ለካ እውነቱን ነው፤ ሳይማሰል ይሻላል» አሉ።

ማንኪያውን ግን አላስቀመጡም። ዓይን ዓይኔን እያዩ እንደገና ያማስሉ ጀመር።