ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር

ጋሽ ሽፈራው ሞተዋል። ይህን ያልሰማ የአቃቂ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ለቀብራቸው የመጣው ሕዝብ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቆሞ ነበር። በአልጋቸው ላይ፣ በልጆቻቸው መካከል ሞተው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላቸው ከእኔ የተሻለ ሰው በተገኘ ነበር። የሞቱት ግን ማክሰኞ ጠዋት፣ ዕድሜያቸውን በጨረሱበት የብረት ፋብሪካ ውስጥ፣ በላሜራ መጭመቂያ ማሽን ተደፍጥጠው ነው። ቃሉ ይከብዳል፤ ላለሰልሰው አልሞክርም። እሳቸውም ነገር ሲለሳለስ አይወዱም ነበር።

እኔ ሰናይት እባላለሁ። በእሳቸው ሥር ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የሽፍት መሪ ነበርኩ። የምጽፈው ለአርባቸው ለምትሰበሰቡት ሁሉ ነው፤ ለሥራ ባልደረቦቻችን፣ ለዕድርተኞቻቸው፣ በተለይ ደግሞ በቀብሩ ዕለት «ለሰው የመከሩትን ለራሳቸው ረሱት» እያላችሁ ከንፈር ስትመጡ ለነበራችሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ጋሽ ሽፈራው በግራ እጃቸው ላይ ሦስት ጣት ብቻ ነበራቸው። ሁለቱን በወጣትነታቸው ማሽን ወስዶባቸዋል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት መሣሪያውን ሳይሆን ያንን እጅ ነው። እኔንም የመጀመሪያው ቀን ፊቴ ላይ ዘርግተው፣ «ቁጠሪ» አሉኝ። አፈርኩ። «አትፈሪ፣ ቁጠሪ!» ብለው ጮኹብኝ። ሦስት አልኩ። «አንቺ አሥር ይዘሽ መጥተሻል፣ አሥር ይዘሽ ትወጫለሽ። የእኔ ሥራ እሱ ነው» አሉኝ።

የማሽኑ ነገር እንዲገባችሁ ላስረዳ። የላይኛው ብረት ሲወርድ ወለሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፤ በመካከል ያገኘውን ላሜራ እንደ ወረቀት ያጥፈዋል። ላሜራና ሥጋ አይለይም። ቁርጥራጭ ሲሰነቀርበት እጅ አስገብቶ ማውጣት ግድ ነው። ጋሽ ሽፈራው ለዚህ ያስለመዱን እንዲህ ነበር፦ ማሽኑን ታጠፋለህ፤ ቀይ ክር የታሰረበትን ቁልፍ ከማብሪያው ነቅለህ ኪስህ ትከታለህ፤ ከዚያ ትገባለህ። ያለዚያ ቁልፍ ማሽኑ አይነሳም። ስትጨርስ ቁልፉን መልሰህ፣ ከማስነሳትህ በፊት «ሰው አለ?» እያልክ ሦስት ጊዜ ትጣራለህ። «መጀመሪያ ቁልፉ ኪስህ፣ ከዚያ እጅህ» ይሉን ነበር፤ በቀን ስንቴ እንደሰማነው እግዜር ይወቀው። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር። ተለዋጮቹን በፊታችን በመዶሻ ቀጥቅጠው ጥለዋቸዋል።

እኔ በተቀጠርኩ በዓመቱ ሁለት ሠራተኞች በአንድ መፍቻ ተጣሉ። አንዱ ደብቀኸዋል ይላል፣ ሌላው አላየሁትም ይላል። በስድብ ተጀምሮ ወደ ብረት ዘንግ ዞረ፤ የአንደኛው ግንባር ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። ጋሽ ሽፈራው መሃል ሲገቡ ሁለተኛው ምት እሳቸው ትከሻ ላይ አረፈ። ዘንጉን ቀምተው ወረወሩት፤ ሸሚዛቸውን ቀደው የልጁን ጭንቅላት አሰሩ፣ በባጃጅ ጭነውት ክሊኒክ ወሰዱት፣ ተሰፍቶ እስኪያበቃ ድረስ እጁን ይዘው ቆሙ። በማግስቱ ትከሻቸው አብጦ መጡና ጥቁር ቀለም አንስተው የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ ግድግዳው ላይ ሣሉ። ከሥራ ከመውጣታችን በፊት ሁሉም መፍቻ ሥዕሉ ላይ ይሰቀላል፤ ባዶ ሥዕል ካለ ማንም ወደ ሰርቪስ አይሄድም።

ሳቅንባቸው። መዋዕለ ሕፃናት ገባን ወይ ተባባልን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የመሣሪያ ፍለጋ ቀረ፣ ጠቡም ቀረ፣ የእኛ ክፍል ከሁሉም ቀድሞ ሥራውን የሚያስረክብ ሆነ። «ጎበዝ ሁን አልልህም፤ ጉብዝና ይደክማል፣ ልማድ አይደክምም» ይሉ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን ስንተርባቸው መልሳቸው «ይሄዳል፤ እናንተ ካልረገጣችሁት» ነበር።

ቁጣቸው ግን ክፉ ነበር፤ ለሞተ ሰው ብዬ አልዋሽም። አንድ ቀን ቁልፉን ሳልነቅል ክንዴን እስከ ብብቴ ድረስ ከብረቶቹ መሃል አስገባሁ። ከኋላዬ አንገትጌዬን ጨምድደው ጎትተው አወጡኝና በጥፊ አጮሉኝ። ዓይኔ ብልጭ አለ፤ ጆሮዬ እስከ ማታ ሲጮህ ዋለ። ጠላኋቸው፤ ከልቤ ጠላኋቸው። በዚያው ሳምንት እሑድ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ቤቴ መጡ። አልቀመጥም ብለው በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «መምታቴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በይኝ። የመታሁበት ምክንያት ግን ጥፋት አይደለም» አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ይህንኑ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ደገሙት። እንደዚህ ያለ አለቃ ከዚያ በፊት አላየሁም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የሽፍት መሪ ከሆንኩ በኋላ አንድ ሠራተኛ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ወደ ቤቱ ሄደ። ማሽኑ ግማሽ ቀን ቆመ፤ የበላዮቼ ቁም ስቅሌን አሳዩኝ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቁልፉን ይዤ አቃቂ ገበያ አጠገብ ወዳለ ቁልፍ ቀራጭ ሄድኩና አምሳያውን አስቀረጽኩ። ክር እንኳ አላሰርኩበትም። መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ ለአንድ ሰው ብቻ አሳየሁት፤ ማሽኑን ለሚያንቀሳቅሰው ለታደለ። «ለክፉ ቀን ነው፤ ለጋሼ እንዳትነግር» አልኩት። ለወራት ተጠቀምንበት። ቁልፍ ፍለጋ መዞር ቀረ፣ ሥራ ፈጠነ፣ እኔም ተመሰገንኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

ያን ማክሰኞ ታደለ ማሽኑን ሳያጠፋ ሻይ ሊጠጣ እንደወጣ ቁርጥራጭ ተሰነቀረበት። ጋሽ ሽፈራው አጠፉት፤ ከፊት ለቆመ ሰው በማይታይበት በስተኋላ በኩል ተንበርክከው እስከ ደረታቸው ገቡ። ታደለ ተመለሰ። ማሽኑ ቆሟል፣ ቁልፍ የለም። አንዱ ይዞት ሄዷል ብሎ እንደለመደው ወደ መሳቢያዬ ሄደ። «ሰው አለ?» ብሎ አልተጣራም፤ አንዱን ልማድ ከጣልን በኋላ ሌላውም አብሮት ሄዶ ነበር።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ላሜራ ሲጫን የሚያሰማውን ድምፅ ዘጠኝ ዓመት ለምጄዋለሁ፤ ይህ ሌላ ነበር። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ጩኸት እንኳ አልነበረም። ጫማቸው ሁለት ጊዜ መሬቱን መታና ቆመ፤ ከማሽኑ ሥር ደሙ እየተንዠቀዠቀ ወደ ፍሳሽ ቦዩ ወረደ። ታደለ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር እያጋጨ ይጮህ ጀመር፤ አራት ሰው ታግሎ ነው የያዘው። እኔ ግን የማየው ማብሪያውን ነበር። ቁልፍ ተሰክቶበታል፤ ክር የለውም።

መርማሪዎቹ ሲመጡ ቁልፉን እዚያው አገኙት። ታደለ ሲጠየቅ «ስደርስ ተሰክቶ ነበር» አለና ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሟቹ ቁልፉን ሳይነቅሉ ገብተው ነው ተብሎ ተጻፈ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ገደልናቸው።

ከሠልስቱ በኋላ እትዬ አስካለ አስጠሩኝ። ከሆስፒታል የተሰጣቸውን ፌስታል ማንም አልፈታውም ነበር፤ እፊቴ ፈቱት። በደረቀ ደም የገረረ ቱታ ወጣ። ኪሱን ሲገለብጡት ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ መሬት ላይ ወደቀ።

«ሰናይት፣ ይሄ የምን ቁልፍ ነው?»

«የማሽኑ ነው፣ እትዬ።»

«የማሽኑ ቁልፍ ማሽኑ ላይ ተገኘ አላላችሁኝም እንዴ?»

ነገርኳቸው። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ቁጭ ብለው ሰሙኝና ተነሡ፤ ባለቤታቸው በመቱኝ ጉንጭ ላይ በጥፊ መቱኝ። ቀለበታቸው ከንፈሬን ቀደደው። «እሱ ቢሆን ይቅርታ ይጠይቅሽ ነበር፤ እኔ አልጠይቅሽም» አሉ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ቱታውን ታቅፈው አለቀሱ፤ ቆይተው ቀና አሉ። «ሂጂና ለመርማሪው ተናገሪ። ከዚያ ጻፊው። ረሳ ያለ ሁሉ ያንብበው።»

ከታደለ ጋር ሄደን ቃላችንን ሰጥተናል። ቀይ ክር ያለውን ቁልፍም አስረክቤአለሁ። የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። እናንተ ግን ይህን እወቁልኝ፤ ጋሽ ሽፈራው አልረሱም። ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩን የኖሩትን በመጨረሻው ቀን ጠዋትም አድርገውታል። ማንም ሳያያቸው፣ ማንም ሳያዛቸው ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተው ነው የገቡት።

ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ በርዎ ላይ ልቆም አልችልም፤ በርዎ አፈር ሆኗል። በሠራተኛው ሁሉ ፊት መናገሩን ግን ከአንቱ ተምሬአለሁና ይኸው ተናገርኩ። መሣሪያዎቹ በየሥዕላቸው ላይ ተሰቅለዋል፤ ልጆቹ «ሰው አለ?» ማለትን እንደገና ጀምረዋል፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበራል። ትናንት መታወቂያዬን አስረክቤ ከፋብሪካው ስወጣ በሩ ላይ ቆምኩና ሁለት እጆቼን ዘርግቼ ቆጠርኩ። አሥር ናቸው፣ ጋሼ። ደህና ይሁኑ።