የከሰሱኝ ዋሴ

ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ብቻዬን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጥቼ ራሴ ተያዝኩላችሁ።

ደክሞኝ ልቀመጥ ስል መሬቱ ቀዘቀዘኝ፤ አንድ እቅፍ ጓሳ ነጭቼ አነጠፍኩና አረፍ አልኩ። ወዲያው አንዲት እናት ዱላቸውን ይዘው ከፊቴ ቆሙ።

«ማን ፈቀደልህ? ጓሳው እኮ ዝግ ነው!»

ለካ ያን የቤት ክዳን ሣር አገሬው ተማምሎ ዘግቶት ኖሯል፤ እስኪከፈት ድረስ ማንም አይነካውም። ሣሩን አሸክመው እየነዱ ሽማግሌዎች ፊት አቆሙኝ።

«ዋስ ጥራ» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።

«እዚህ አገር ሰው አላውቅም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ሰው እስክታውቅ እዚሁ ትቀመጣለህ።»

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ዙሪያዬን ባይ የማውቀው ፊት የከሳሼ ብቻ ነው።

«ከእሳቸው በቀር ማንንም አላውቅም» አልኩ እያፈርኩ።

እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። «ዋሱ እኔ ነኝ።»

«ከሳሿም አንቺ፣ ዋሷም አንቺ?» ሽማግሌው ግራ ገባቸው።

«ታዲያ ሌላ ማን አለው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ፦ «ጓሳው ሲከፈት መጥተህ አብረኸን ታጭዳለህ። እንዳታሳፍረኝ!»

ቀበሮውን ሳላይ ወረድኩ። ማጭድ ግን ገዝቻለሁ።