ውሪ ልጆቿን ያጓጓዘችበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት እናቴ እኔን ወልቂጤ ትታ ቡታጅራ ሄደች። ትታኝ ሄደች የምለው ያኔ የተሰማኝ እንደዚያ ስለነበር ነው እንጂ ነገሩስ ቀላል ነበር። አስተማሪ ናት፤ ወደ ቡታጅራ ተዛወረች፤ የሚከራይ ቤት አግኝታ እስክትደላደል ድረስ ጡት ያልጣለውን ወንድሜን ዳዊትን አዝላ ቀድማ መሄድ ነበረባት። እኔን ለአከራያችን ለእማማ ረዲያ አደራ ሰጠችኝ። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮቱ እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ከትከሻዋ በላይ የዳዊት አናት ይታየኝ ነበር። እሱ ተወስዶ እኔ መቅረቴን እንጂ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

እማማ ረዲያ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ለንግድ አዲስ አበባ የገቡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ቸሃ ነው። አማርኛቸው የአገራቸው ዜማ ነበረው፤ ቃል ሲጠፋቸው በጉራጊኛ ተክተው ያልፉና «ገባሽ አይደል?» ይሉኛል። ባይገባኝም ገባኝ እል ነበር። የእኛ ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ሰርቪስ ስትሆን፣ እናቴ ከሄደች ጀምሮ ተቆልፋለች። እኔ የምተኛው እሳቸው ጋ፣ ትልቁ ቤት ውስጥ ነው።

ያኔ በክረምት መብራት መጥፋቱ እንደ ዝናቡ የተለመደ ነበር። መግሪብ ከሰገዱ በኋላ ፋኖሱን ለኩሰው የማድቤቱ ምሰሶ ላይ ይሰቅሉታል፤ ቆጮውን በኮባ ጠቅልለው እሳቱ ላይ ያስቀምጡና ተረት ይጀምራሉ። የእርጥቡ እንጨት ጭስ ዓይኔን ያስነባኝ ስለነበር፣ ሳለቅስ ጭሱ ነው ማለት ይቻል ነበር። እሳቸውም ጭሱ ነው ብለው እንደሚያምኑ ሆነው ፊታቸውን ወደ ፍሙ ያዞራሉ። ጅቡን በወፍራም ድምፅ፣ ጦጣዋን በቀጭን ድምፅ ያናግሯቸዋል። እኔ ግን በእነዚያ ማታዎች ግማሹን አልሰማም ነበር። ቆጮውንም ቆርሼ ቆርሼ እተወዋለሁ።

ውሪ የምንላት ግራጫ ድመት ነበረቻቸው። በዚያው ሰሞን እንጨት ከሚቀመጥበት ዕቃ ቤት፣ አሮጌ ቅርጫት ውስጥ ሦስት ልጆች ወለደች። ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ከመዳፍ የማይበልጡ ነበሩ። አንደኛዋ ነጭ ቦቃ ነበረባት። ከሁሉም የምታንሰው እሷ ብትሆንም ድምጿ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። እናቴ ከሄደች በኋላ ደስ ብሎኝ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር እነሱ ናቸው መሰለኝ።

አንድ ምሽት እማማ ረዲያ ጅቡንም ጦጣዋንም ትተው ስለ ድመት ጀመሩ። አንዲት ድመት ነበረች፤ ወንዙ ሊሞላ ሲል ልጆቿን ይዛ መሻገር ነበረባት። ያላት አንድ አፍ ነው። አንዱን አንጠልጥላ ተሻገረች፤ ተመልሳ ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛውን ልትወስድ ስትመለስ ወንዙ አስቆማትና፣ «አንቺ ድመት፣ የትኛውን ነው አብልጠሽ የምትወጂው? መጀመሪያ የወሰድሽውን አይደለም?» አላት። እሷም፣ «አይደለም። መጀመሪያ የወሰድኩት የምፈራለትን ነው። መጨረሻ ያስቀረሁት የማምነውን ነው። መውደዴን ከሆነ የጠየቅከኝ፣ እሱን በመንገዴ አትለካውም፤ አሁን አሳልፈኝ» አለችው።

ያን ምሽት ሁሉንም ሰማሁ።

«የቀረው ልጅ አልራበውም?» አልኳቸው።

«ራበው እንጂ» አሉ ኮባውን እየገለበጡ። «ራበው፣ በረደው፣ አለቀሰም። ልጅ አይደል?»

አልራበውም ቢሉኝ ኖሮ ተረቱን የማምነው አይመስለኝም። እሳቸው ግን እንደራበው ነገሩኝ፤ እኔም የዚያን ምሽት ቆጮዬን ጨረስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃ ቤቱ በር ላይ ጆሮው የተቦጨቀ ትልቅ ወንድ ድመት አየን። እማማ ረዲያ በመጥረጊያ አባረሩት። ውሪ ፀጉሯን አቁማ ቅርጫቱ ላይ ተጋድማ ነበር።

«ቦታዋን አውቆባታል። ዛሬ ታጓጉዛቸዋለች» አሉኝ። «እንዳትነኪያቸው፤ በሩም ገርበብ ብሎ ይቆይ። እኛ መንገዷን ከለቀቅንላት የሚሻላትን እሷ ታውቃለች።»

እውነትም ከምሳ በኋላ አንዱን በማጅራቱ ነክሳ ወጣች። ግልገሉ እግሮቹን ሰብስቦ ዝም ብሏል። ውሪ አጥሩን ታክካ፣ በእንሰቱ ሥር አልፋ ከሰርቪሱ ጀርባ ተሰወረች። ቆይታ ተመለሰችና ሁለተኛውን ወሰደች። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። የቆርቆሮው ጩኸት ስንነጋገር አላሰማን አለ፤ ግቢው ጭቃና ጎርፍ ሆነ። ቦቃዋ ብቻዋን ቅርጫቱ ውስጥ ቀረች።

ዝናቡ ካባራም በኋላ ውሪ አልመጣችም። በማድቤቱ ደፍ ላይ ቆሜ ዕቃ ቤቱን አያለሁ፤ የቦቃዋ ድምፅ ይሰማኛል። እማማ ረዲያ አጠገቤ መጥተው ግቢውን ቃኙና በጣታቸው አሳዩኝ። የጎረቤት ውሻ ዝናቡን ሸሽቶ ገብቶ ሰርቪሱ ጥግ፣ ልክ ውሪ በምታልፍበት ላይ ተኝቷል። ውሪ ደግሞ ከሰርቪሱ ጎን ባለው የድንጋይ ግንብ ላይ እንደ ኳስ ተጠቅልላ ቁልቁል ታየዋለች።

«አየሽ፣ መንገዷ ተዘግቶባት ነው» አሉ። ውሻውን በገመድ አስረን ለባለቤቱ ወስደን ሰጠን። ስንመለስ ግን ውሪ ግንቡ ላይ የለችም። ቅርጫቱ ጋ ሮጥኩ፤ እዚያም የለችም። ቦቃዋ እየተንቀጠቀጠች ነበር፤ ድምጿም እየሳሳ ሄዷል።

«በብርድ ልብሴ ጠቅልዬ ልውሰዳት? ወተት ልስጣት?» አልኩ።

«የላም ወተት ሆዷን ይነፋታል። ከዚህ ካነሳናት ደግሞ እናቷ መጥታ የምታገኘው ባዶ ቅርጫት ነው። ባስቀመጠችበት ነው የምትፈልጋት።»

ይህን ብለው ማድቤት ገቡና ውሃ አሙቀው ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጨመሩ። በአሮጌ ሻሻቸው ጠቀለሉትና፣ ቦቃዋን ሳይነኩ፣ ከጎኗ ቀስ አድርገው አስገቡት። ግልገሏ ወደ ሙቀቱ ተሳበች። ከዚያ ሁለት በርጩማ አመጡና፣ የዕቃ ቤቱን በር ከሚያሳየው ከበረንዳው ዳር ተቀመጥን። ወንዱ ድመት አንዴ ብቅ ብሎ ነበር፤ እማማ ረዲያ በዱላቸው ቆርቆሮውን ሲመቱት ተመልሶ ሄደ። ሌላ ምንም አልመጣም። እኔም አላስቻለኝም።

«ረስታታለች» አልኩ። «ሁለቱን ወስዳ እሷን ረስታታለች።» ማልቀስ ጀመርኩ፤ በረንዳ ላይ ደግሞ ጭስ የለም።

እማማ ረዲያ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ትከሻዬ ላይ ጣሉና ወደ እሳቸው አስጠጉኝ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ። «ልትረሳት አትችልም አልልሽም። ከረሳቻትም እኔና አንቺ አለን፤ እኛ እናሳድጋታለን። ግን ገና አልመሸም፤ ትንሽ እንጠብቃት።»

በዚያ ሁሉ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እናትሽ አሁን ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች» ይለኝ ነበር። እንደ እማማ ረዲያ «እኔ እንጃ» ያለኝ ግን ማንም አልነበረም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልቤ የተረጋጋው ያኔ ነው። የአስር ሰላት ሲደርስ እንኳ እኔን ትተው ወደ ውስጥ አልገቡም። መስገጃቸውን በረንዳው ላይ ዘርግተው፣ «እኔ እስክጨርስ አንቺ በሩን ጠብቂ» ብለውኝ እዚያው አጠገቤ ሰገዱ። እኔም ዓይኔን ከበሩ ላይ ሳልነቅል ጠበቅኩ። ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ቀየርንለት።

ሊመሽ ሲል ውሪ በአጥሩ ሥር መጣች። ርሳ የራሷን ግማሽ አክላለች። ዕቃ ቤቱ ገብታ ሻሹን አሸተተች፤ ወደ ኋላ አለች፤ ደግሞ አሸተተች። ትንፋሼን ይዤ የእማማ ረዲያን ቀሚስ ጨብጫለሁ። ከዚያ ቦቃዋን ከጭራዋ እስከ ግንባሯ ላሰቻትና በማጅራቷ አንጠልጥላት ወጣች። ልከተላት ስነሳ እማማ ረዲያ በነጠላው ጫፍ ያዙኝ።

«አትከተያት። ዛሬ የት እንዳስቀመጠቻቸው ማንም ባያውቅ ይሻላታል። አልሃምዱሊላህ፣ አሁን ግቢ፣ እግርሽ በረደ።»

ያስቀመጠቻቸውን ቦታ ያገኘነው ከቀናት በኋላ ነው። ከተቆለፈው ቤታችን ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። መስታወቱ በተሰበረው መስኮት ገብታ፣ እናቴ ለጉዞው ልብስ አጣጥፋ ባስቀመጠችበት ካርቶን ውስጥ ሦስቱንም አስተኝታቸዋለች። እማማ ረዲያ በመስኮቱ አጮልቀው አይተው አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ሳቁ።

ክረምቱ ሳይወጣ እናቴ መጣች። ዳዊትን አዝላ፣ በጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተለውሳ በሩን አንኳኳች። ስትመጣ ሮጬ አቅፋታለሁ ብዬ አስብ ነበር። ሳያት ግን አፌ ላይ የመጣው «ቤታችንን ስትከፍቺ ቀስ ብለሽ ክፈቺ» የሚል ነበር። ዕቃ የሚጭነው መኪና በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። እናቴ ቀስ ብላ ከፍታ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ አለች። ውሪ እፍ አለችባት። እናቴ ወደ ኋላ አለችና አየቻቸው።

«ጥሩው ቀሚሴ ላይ ነው የተኙት» አለች።

«የሐረር ሐር ቢሆን ለእሷ ምኗ ነው» አሉ እማማ ረዲያ ከበር ሆነው። «ዓይናቸው ተገልጦ ሲወጡልን፣ ኢንሻአላህ አጥቤ እልክልሻለሁ።»

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። እናቴ አልጋውን፣ ድስቶቹንና መጻሕፍቷን አስወጣች፤ ካርቶኑን ግን ካለበት ሳታነቃንቅ በሩን መለስ አደረገችው። ቁልፉንም ለእማማ ረዲያ ሰጠች።

በመንገድ ላይ፣ እሷና ሹፌሩ መሃል ተቀምጬ፣ ወንዙንና ድመቷን ተረክሁላት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የዳዊትን ኮፍያ ስታስተካክል ቆየች።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«እማማ ረዲያ።»

«እዚያ ሳለሁ እሱን እያጠባሁ የማስበው አንቺን ነበር» አለች። «በልታ ይሆን፣ ሞቋት ተኝታ ይሆን እያልኩ።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። ቡታጅራ ገብተን ለመውረድ በሩ እስኪከፈት ድረስ አልለቀቀችኝም።

ዛሬ የራሴ ልጅ አለችኝ። ያን ተረት ለእሷም ነግሬያታለሁ። ከመስቃንም ከጉንችሬም የመጡ ትልልቅ ሰዎችን ሰምታችሁት ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ጠይቄ፣ የሚያውቀው ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እማማ ረዲያ ያን ምሽት እሳቱ ዳር፣ ቆጮ አልበላ ላለች ልጅ ብለው ከልባቸው አውጥተው የተረኩት ይመስለኛል። እንደዚያ ባሰብኩ ቁጥር ምስጋናዬ ይጨምራል።

አምና ልጄን ይዤ ወልቂጤ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው፣ በድምፄ ለዩኝ። ስለ ውሪ፣ ስለ ቦቃዋ፣ በረንዳው ላይ ስለዋልንበት ቀን አንስቼ አወራኋቸው። ግንባራቸውን አኮማትረው ለማስታወስ ሞከሩ።

«በዚህ ቤት ስንት ድመት አልፏል» አሉ። «የትኛዋን ነው የምትይኝ?»

አላስታወሱትም። ሳቅኩ፤ እሳቸውም ስለሳቅኩ ሳቁ። ሥራቸውን ትተው ከአንዲት የምታለቅስ ልጅ ጎን መዋላቸው ለእሳቸው በልብ የሚያዝ ነገር አልነበረም፤ ማንም ልጅ ብትሆን ያደርጉት ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አልኳቸው።

«ለምኑ ነው ደግሞ?»

ውጭ ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም ሌላ ሳይጠይቁኝ እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን እግር ነካ ነካ አደረጉ፣ በርዷት እንደሆነ ለማወቅ።